የድሬሰር ተናኘ ጠያቂዎች

የጉንፋኑ ወረርሽኝ መካኒሳን ለቆ ሲሄድ የድሬሰር ተናኘን ሳቅ ይዞባት ሄደ። ሁለት ወር ሙሉ በሽተኛ ስታስታምም ከርማ፣ አሁን እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ አልመጣ ብሏታል።

አንድ ጠዋት የክሊኒኩ አግዳሚ ከዳር እስከ ዳር በሰው ሞልቶ አገኘችው። «አገረሸ ማለት ነው» ብላ፣ ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ኦቦ በንቲ አፍ ውስጥ ቴርሞሜትር ሸጎጠች። ሊናገሩ ቢሞክሩ በእጇ ከለከለቻቸው። ትኩሳት የላቸውም።

«ታዲያ ምን ሆኑ?» አለች ተቆጥታ።

«እኔማ ደህና ነኝ ልጄ። ታመሻል ቢሉን አንቺን ልንጠይቅ መጣን» አሉና ከጋቢያቸው ሥር የእርጎ ቅል አወጡ።

ተናኘ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እርጎዋን ጠጥታ እዚያው በጠያቂዎቿ መሃል እንቅልፍ ጣላት። ሁለት ወር ሲስል ከከረመው ከዚያ ሁሉ ሰው፣ እስክትነቃ ድረስ አንድም አልሳለም።