ስፒል የያዘ አፍ

«ሳይጸልዩ ነው አሉ የሞቱት» አለች ጎረቤቲቱ፣ ለአዲስ ለቀስተኛ ወንበር እየገፋች። «አፋቸው ስፒል እንደሞላ የስፌት መኪናቸው ላይ ተደፍተው! አንዲት ‹ማረኝ› የምታልፍበት ቀዳዳ እንኳ ሳይኖር።»

ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላታል። ሬዲዮስ ባትሪው ያልቃል። ከቀብሩ መልስ ይህችኑ ወሬ ለገባ ለወጣው ስታድል፣ ሻይ ከሚያዞሩት ሴቶች እሷ ትፈጥን ነበር።

የሟቹ ልጅ ጥግ ይዛ ትሰማለች። አፍ አጥታ አይደለም ዝም ያለችው፤ ምላሷ ከአባቷ መቀስ ይሰላል የተባለላት ናት። ግን ወሬው እውነት ቢሆንስ? እውነት ከሆነ ያንን አፍ የዘጋችው እሷው ራሷ ናት።

ካህኑ መጥተው ካጽናኑ በኋላ «እስቲ ከቤተሰብ አንድ ሰው ጸሎት ያድርግልን» አሉ። ከቤተሰብ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ተነሳች። «አባታችን ሆይ» ብላ ቆመች። የሚቀጥለው ቃል ተቋጥሮ እንደቀረ ክር ተያዘባት፤ ብትስበው አይመጣም። ካህኑ ጨረሱላት።

«በዘር ነው መሰለኝ» አለች ሬዲዮ፣ ሹክሹክታ ተብሎ በማይጠራ ድምፅ።

በዘር አልነበረም። እናቷ በሕይወት ሳለች አባቷ ገበታ ላይ ሲጸልይ ምግቡ ይቀዘቅዝ ነበር። «አሳጥረው እንጂ፣ የአምላክ ጆሮም ይደክማል እኮ!» ትለዋለች እናቷ፤ እሱም እየሳቀ ይጨምርበታል። እናቷ ስትሞት ያ ድምፅ አብሯት ተቀበረ። ሰው ሊያጽናናው ልብስ ስፌት ሱቁ ድረስ ሲመጣ፣ ስፒል በከንፈሩ ደርድሮ ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። እግዜርን አኮረፈ ተባለ።

ከዚያ የራሷ ልጅ፣ ትንሿ፣ ታመመች። ልጅቷን ሆስፒታል ትታ እየሮጠች የአባቷ ሱቅ ገባች።

«አባዬ፣ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል። እኔ አልቻልኩም፣ አንተ ጸልይላት።»

ኮት እየሰፋ ነበር። ቀና ብሎ አያት። ስፒሎቹን ከአፉ አላወጣም። አንገቱን ደፍቶ መኪናውን ቀጠለ።

«የሰው ኮት በለጠብህ? እንግዲያው እስክትሞት አይከፈት፣ ያ አፍህ!» ብላ በሩን ላጋችው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ትንሿ በማግሥቱ አለፈች። መቃብሯ አፍ ላይ አባትና ልጅ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ቆመው ተለያዩ። ከዚያ ወዲህ በሱቁ በኩል ላለማለፍ መንገድ ስታዞር ኖረች። እርግማኗ ግን መንገድ አላዞረም።

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ባለካውያው መጣ። ከአባቷ ጋር አንድ ሱቅ ተጋርቶ፣ አንዱ ሲሰፋ አንዱ ሲተኩስ አብሮት ያረጀ ሰው ነው። የአባቷን መቀስ፣ ሜትሩንና ስፒል የተሰካካባት ትንሽ የጨርቅ ትራስ አምጥቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ያገኙት እርስዎ ነዎት አሉ። ስፒል በአፉ ነበር?»

«ነበር።»

«በቃ። ሳይጸልይ ነዋ የሞተው።»

ባለካውያው ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየ ድምፅ አሰማ። «ልጄ፣ ይቺ መሰኪያ ከእጁ ሥር እያለች ስፒል አፉ ውስጥ ምን ይሠራል? እናትሽ የሞተች ጊዜ ነው የጀመረው። አጽናኝ በዛበት። ‹ስፒል የያዘን ሰው ማንም መልስ አይጠይቀውም፤ ሰው ሲተወኝ ከላይኛው ጋር እነጋገራለሁ› ይለኝ ነበር። እኔም ስፒል ከገባ አላናግረውም። ጸሎት ላይ ነዋ!»

«እኔ የመጣሁ ቀንስ?»

«የልጅቷን መታመም ሰምቶ ከጠዋት ጀምሮ ስፒሉን እንደያዘ ነበር። ስትገቢ ጸሎቱ መሃል ደረሽበት። ‹ካቋረጥኩ የምትሞትብኝ መሰለኝ› አለኝ በኋላ።»

«ሞተችበት እኮ!» ጩኸቷ ሴቶቹን አስደነገጠ። «ሞተችበት! ከዚያ ወዲያ ለማን ነበር ሲይዘው የኖረው?»

«ላንቺ። ስምሽን ሲያነሳ ከንፈሩ ላይ አየው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስፒሉን የሚያወጣው ለምግብ ብቻ ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«‹የላይኛው ራሱ ይንገራት› እያለ ከለከለኝ። ግትር ነበር፤ ሁለታችሁም።»

ከትራሷ ላይ አንድ ስፒል ነቀለች። ከንፈሯ መሃል አስገብታ አፏን ዘጋች። ብረት ብረት አላት። ቃል አልመጣላትም። ስፒሉን ግን አላወጣችውም።

ሬዲዮ ሻይ ይዛ ጎንበስ አለች። «ልጄ፣ ትንሽ ፉት በይበት። አንቺ ልጅ! ሰው ሲያናግርሽ…»

ባለካውያው የሬዲዮን እጅ ያዘ።

«ተያት» አላት። «ይዛለች።»