ለተሳቢው የተደረገ ዱዓ

«በዓይን ካልታየ ታዲያ ምኑን ልታዪ ነው አገር ጥለሽ የምትሄጂው?» አሉ ሐጂ ጃዕፈር። ድምፃቸው የግቢውን አጥር አልፎ የአዳማ መንገድ ላይ ይሰማል።

«በሳተላይት ነው የሚታየው አባ፤ ነገርኩዎት እኮ» አለች ልጃቸው ዋፊቃ። «እዚህ ምድር ላይ አየሩ ይጋርደዋል።»

«አላህ የጋረደውን አንቺ ልትገልጪ!»

ጠቡ ከሱብሒ ሶላት ጀምሮ ሲበርድ ሲግል የቆየ ነው። ዋፊቃ ኬፕ ታውን የከዋክብት ጥናት ትምህርት አግኝታለች፤ አውሮፕላኑ ዛሬ ማታ ከአዲስ አበባ ይነሳል። ቪዛው ወጥቷል፤ ሻንጣው ተዘግቷል። የቀራት የአባቷ ዱዓ ብቻ ነው። ተሳቢ መኪናቸው ጭነት ሊያመጣ ወደ ጅቡቲ ሲነሳ፣ ሟች እናቷም ወሎ ዘመድ ልትጠይቅ ስትሄድ፣ ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ሳይለምኑለት ከዚያ በር የወጣ ሰው የለም።

«ኮከብ ኮከብ ነው። ያበራል፣ አለቀ!»

«እኔ የማጠናቸው ገና ጨቅላ ናቸው አባ። በዙሪያቸው ያለው ጋዝ እየወደቀባቸው ነው የሚያድጉት። ሲወድቅባቸው በጣም ይግላል፤ ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት የሚባለውን ብርሃን ያወጣል። እሱን ለክተን ምን ያህል እንደሚወድቅባቸው እናውቃለን።»

ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አኖሩ።

«እንደዚያማ ከሆነ እኔን ለኪኝ። ሁሉም የሚወድቀው እኔ ላይ ነው። አንቺ ከሄድሽ የሞጆውን ደረቅ ወደብ ጣጣ ማን ሊይዝልኝ ነው?»

ሳቅ አፈናት። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ዱዓ ያድርጉልኝ አባ።»

ፊታቸውን አዞሩ።

«ሐጂ!» ሲል ተጣራ ሹፌሩ ኢተፋ ከውጭ። «ዱዓ ያድርጉልንና እንነሳ! ፀሐይ ሳይበረታ ወለንጪቲን እንለፍ።»

ሐጂ ወጡ። ወንዶቹ ከተሳቢው ፊት ተሰብስበው እጃቸውን ዘረጉ። ዋፊቃ ሻንጣዋን ይዛ ወጣችና አባቷ በማያዩዋት በኩል፣ ከኋላ ጎማው አጠገብ ቆመች። እሷም እጇን ዘረጋች።

«ያ አላህ፣ መንገዱን አቅናላቸው። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ሰው ጠብቃቸው። በሄዱበት ወዳጅ አታሳጣቸው። በሰላም ወደ ቤታቸው መልሳቸው።»

«አሚን» አሉ ወንዶቹ።

«አሚን» አለች ዋፊቃ፤ ድምፅዋ ከእነሱ ድምፅ ውስጥ ሳይለይ ቀረ። መዳፏን ፊቷ ላይ አሳለፈች።

ሞተሩ ተነሳ። ግቢው በጭስና በአቧራ ተሞላ። ሐጂ በሩ ዘንድ ሮጠው ሄዱና እጃቸውን ያወዛውዙ ጀመር። «ግራ! ግራ ያዝ! ኢተፋ፣ አጥሩን እንዳትነካው!»

ለተሳቢው ተብሎ ሁለቱም የበሩ ክንፎች ተከፍተዋል። ዋፊቃ በመኪናው ሌላ ጎን፣ ግድግዳውን ታክካ ወጣች። ባጃጅ አስቆመችና ሻንጣዋን እግሯ ሥር አስገባች።

«መናኸሪያ» አለችው።

ከኋላዋ የአባቷ ድምፅ ይሰማል። «ግራ! አዎ፣ እንደዚያ! ቀጥል!»