የደፈረሰው ውሃ

ለቃሚዎቹ «አለቃ» ይሏታል። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር፤ በኋላ ስሟ ሆኖ ቀረ። የአባቷ ጉልበት ሲደክም የቡናውን እርሻ የምታሠራው እሷ፣ መኪናውን የሚነዳው ወንድሟ ሆኑ። ክርክር ሲነሳ ግን የመጨረሻው ቃል አሁንም የአባቷ ነው።

ያን ዓመት ዝናቡ ለቀማው ሳያልቅ መጣ። ደጋ ላይ ዝናብ እንግዳ ባይሆንም ይሄኛው አልለቅ አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ የማድረቂያ አልጋዎቹን ሸራ ስታጠባብቅ ቆይታ ወደ ኩሬው ወጣች። የቡና ማጠቢያውን ኩሬ አፈር ከትረው የሠሩት አባቷ ናቸው። ከክትሩ ሥር ድሮም ጥቂት ውሃ ያዣል፤ ዛሬ ግን የሚወጣው ደፍርሷል። ጎንበስ ብላ በመዳፏ ያዘችው። ቀይ አፈር! ክትሩ ከውስጥ እየተበላ ነው።

ቁልቁል አየች። መጀመሪያ የማድረቂያ አልጋዎቹ፣ ከዚያ ዝናቡን የተጠለሉት ለቃሚዎች፣ ከዚያ ቤቱ። ቤት ውስጥ የወንድሟ ሚስት አራስ ነች። ወንድሟ ደግሞ ቡና ጭኖ ከተማ ወርዷል።

እየተንሸራተተች ወረደች። አባቷ ከመፈልፈያው ማሽን አጠገብ ቁጭ ብለው ማሽኑን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ይጠግናሉ።

«አባባ፣ ኩሬው ሊሄድ ነው!»

«የት ይሄዳል? እግር አወጣ እንዴ?»

«ቀልዱን ይተዉት። አፈር እየተፋ ነው።»

«ሁሌም ያልበዋል እኮ።»

«ላብ አይደለም፣ አባባ። ኩሬውን በጎን፣ በአሮጌው ቡና በኩል ቀደን ወደ ገደሉ እናስተንፍሰው።»

የአባቷ እጅ ቺንጋው ላይ ደረቀ። አሮጌው ቡና ሟች እናቷ ከአባቷ ጋር ገና ጎጆ እንደወጡ የተከለችው ነው።

«እናትሽ በእጇ የተከለችውን? እኔ ቆሜ እያየሁ አታደርጊውም! ወንድምሽ ይምጣና እንመካከራለን።»

በዕድሜዋ ሙሉ ቃላቸውን አልፋ አታውቅም። አሁን ግን ወደ ለቃሚዎቹ ዞር ብላ ጮኸች፦ «ዶማ ያላችሁ ተከተሉኝ! ሌሎቻችሁ አራሷን ይዛችሁ ጉብታው ላይ ውጡ!»

ለቃሚዎቹ አባቷን አዩ። ማንም ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

«ምን ያፈዛችኋል!» አለች ከድምጿ ጉልበት የተነሳ «ነጎድጓድ» የሚሏት ለቃሚ። «አራሷን እኔ አለሁላት!» ብላ ወደ ቤቱ በረረች። ያኔ ሰዎቹ ዶማቸውን አነሱ።

ከኩሬው ጎን አፈሩ እንደ ድንጋይ ነው። አለቃ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ትቆፍራለች። ቀና ስትል አባቷ ከዘራቸውን ተክለው ውሃው በሚወርድበት በኩል፣ ቡናው መሃል ቆመዋል።

«በይ ቆፍሪ! እኔንም ጨምረሽ ውሰጂኝ!»

ዶማዋ አየር ላይ ቀረ። «ኧረ በፈጠረዎት፣ ይውጡልኝ!»

በዚህ መሃል ክትሩ ከሥሩ አጓራ። በር የሚያህል አፈር ተገምሶ ወደቀና የቀላ ውሃ ተንፎለፎለ። አባቷ አዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ። ከቡናው ወጥተው እየተንገዳገዱ ዳገቱን ወጡ፤ በከዘራቸውም ከጎኗ መሬቱን መቱ።

«እዚያ ጋ ከሥሩ አለት ነው፣ በከንቱ ትለፋላችሁ። እዚህ ጋ!»

እሳቸው ባሳዩት ቦታ አፈሩ እሺ አለ። ውሃው በቀደዱለት በኩል ዘለለና አሮጌውን ቡና ከነሥሩ እየነቀለ ገደል ወረደ። አባቷ ፊታቸውን አዞሩ። ትንሽ ቆይቶ ክትሩ እንደተፈራው ተናደ፤ ግን ኩሬው ጎድሎ ነበር። የቀረው ውሃ የማድረቂያ አልጋዎቹን ገለባበጠ፣ የቤቱን ደጃፍ ጭቃ ሞላው፣ እዚያው ቆመ። አራሷና ልጇ ጉብታው ላይ፣ በነጎድጓድ ጋቢ ተጠቅልለዋል።

አመሻሽ ላይ ወንድሟ ደረሰ። ሚስቱንና ልጁን ደባብሶ ካየ በኋላ የተራቆተውን ቁልቁለት ሲያይ ደሙ ፈላ።

«የእናቴን ቡና ማን ነው ያስነቀለው?»

አለቃ አፏን ልትከፍት ስትል አባቷ ቀደሟት።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ለእህትህ ደግሞ ጭቃዋን የምትታጠብበት ውሃ አሙቅላት።»

እሷም አላስተባበለችም። ግድግዳው ጥግ ሄዳ ተቀመጠች። ዶማዋን ከእጇ ያስቀመጠችው ያኔ ነው።