የውሻ ስም በተፍኪ መንገድ

አማኑን የዕድሩ አውቶቡስ ጥሎት የሄደው በላቲን ምክንያት ነው።

ሰበታ ላይ መድኃኒት መደብር ያለው ይህ ሰው ላቲንን ያስተማረው የለም። ከመድኃኒት ማዘዣ ለቃቅሞ፣ ከመዝገበ ቃላት ጀርባ ያለውን ጨምሮበት ራሱ ነው የተማረው። የሳል ሽሮፕ የገዛን ሰው "ፐር ኦስ! በአፍ ማለት ነው" ሳይለው አይሸኝም። "በጆሮዬ ልጠጣው ኖሯል?" ያሉት ደንበኞች ብዙ ናቸው። ይህን ዓመሉን የሚጋራው የባዮሎጂ መምህሩ ባጫ ብቻ ነበር። ሁለቱ ምሳ ሲቀርቡ ሽሮው በሽምብራው የላቲን ስም "ሲሰር አሪየቲኑም" ነው። አህያ መንገድ ከዘጋባቸው ደግሞ "ኢኩስ አሲኑስ፣ እባክህ አሳልፈን" ብለው ይለምኑታል።

ባጫ ኩላሊቱ አሞት ተኝቶ ሳለ አስምሎታል፦

"የሕይወት ታሪኬን የምታነበው አንተ ነህ። ላቲን ከሌለበት ከሳጥኑ እነሳለሁ!"

የቀብሩ ዕለት ታዲያ አማኑ የመጨረሻዋን ሐረግ ከመዝገበ ቃላት ጋር ሲያመሳክር ዕድርተኛው ተሳፍሮ ቀብሩ ወዳለበት ወደ ተፍኪ ነጎደ። ቀብሩ ሰባት ሰዓት ነው። እሱ በስንት ልመና ሚኒባስ ያገኘው ስድስት ሰዓት ላይ ነበር።

ጊዜው ታኅሣሥ 2008 ነው፤ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን የሚቃወሙ ወጣቶች መንገድ የሚዘጉበት ወቅት። ከሰበታ ወጣ እንዳሉ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ጠበቃቸው። ኢቲቻ የሚባል ቀጭን ልጅ፣ የሠፈሩ ሁሉ አለቃ መስሎ፣ በሩን ከፈተ።

"ኢሳ ዴምታ? አንተ፣ ወዴት ነህ?"

አማኑ ወላጆቹ ከጎንደር የመጡ ናቸው፤ ኦሮምኛው ከሰላምታ አያልፍም። በአማርኛ መለሰ።

"ወደ ቀብር። የመምህር ባጫ።"

"ባርሲሳ ባጫ? የኛ መምህር?" ልጁ ዓይኑን አጠበበ። "ዛሬ ቀብር የማይል ተሳፋሪ የለም። የመምህር ወዳጅ ከሆነ የላቲን ስም ያውቃል። ልጆች፣ ፈትኑት!"

"ጤፍ!" ጮኸ አንዱ።

"ኤራግሮስቲስ ጤፍ።"

"ዶሮ!"

"ጋሉስ ጋሉስ ዶመስቲኩስ!"

ሁካታው ቀለጠ። ዱላ የያዙት ዱላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው አጨበጨቡ። ሁለት ልጆች ድንጋይ ማንከባለል ጀመሩ።

"የመጨረሻ" አለ ኢቲቻ እየሳቀ። "ውሻ!"

"ካኒስ ፋሚሊያሪስ።"

"ተሳሳትክ ጋሼ። ካኒስ ሉፑስ ፋሚሊያሪስ ነው።"

ጤነኛ ሰው ቢሆን "እሺ" ብሎ ያልፋል። አማኑ ግን ከሚኒባሱ ወረደ።

"የለም! እሱ ውሻን የተኩላ ዘር የሚያደርጉት ሰዎች አባባል ነው። ውሻ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው!"

"መምህር እኮ ለዚህ ብሎ ሁለት ማርክ ቀንሶብኛል!"

"መምህርህ ተሳስቷል! ስድስት ዓመት ሙሉ ነግሬዋለሁ!"

ድንጋዩ ተመልሶ ቦታው ገባ።

ሽንኩርት የጫኑ እናት በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። "ሳሬን ሳሬ ዻ! ውሻ ውሻ ነው፣ አሳልፉን!"

"ወንድሜ" አለ ሾፌሩ ዱባለ፣ "ውሻው ያባትህ ነው? ስጣቸው ይውሰዱት!"

አማኑ ሰዓቱን አየ። ለሰባት ሩብ ጉዳይ። መልሱ አፉ ላይ ነው፤ ግን አልወጣ አለው። ባጫ አልጋ ላይ ወድቆ እንኳን ይህችን ክርክር አልለቀቀለትም። እሱም የታመመ ነው ብሎ አልራራለትም። በየቀኑ ሳይሸናነፉ መለያየታቸው ነበር ደስታቸው። አሁን እሺ ካለ ክርክሩ አለቀ። ነገ በሩ ላይ ቆሞ "አማኑ፣ አዲስ ማስረጃ አግኝቻለሁ!" የሚለው ሰው የለም።

"እሺ" አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ። "መምህራችሁ ልክ ነበር። ካኒስ ሉፑስ ፋሚሊያሪስ።"

ልጆቹ "ሆ!" ብለው ዘለሉ። ኢቲቻ ግን የሰውዬውን ፊት አይቶ ሳቁን አቆመ።

"አይዞህ ጋሼ። እኛም ብንቀብረው ደስ ይለን ነበር፤ መኪና አጥተን ነው።"

"መንገድ ዘግታችሁ መኪና ከየት ይምጣ?" አለ ዱባለ።

ልጆቹ እየተሳሳቁ ጎንበስ አሉ። ድንጋዩ ተነሣ። አምስት ልጆች ሽንኩርቱ ላይ ተጫኑ፤ እናትየው እስከ ተፍኪ ድረስ እየተራገሙ ሄዱ።

የባጫ አባት ኦቦ ኩምሳ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆመው፣ አካፋ ያነሣውን ሁሉ በከዘራቸው ይመልሳሉ። "አንባቢው ሳይመጣ ልጄን አፈር አይነካውም!" ቄሱም ለምነው ታክቷቸው ነበር።

አማኑ እያለከለከ ወረቀቱን ዘረጋ። አንድ ላቲን በጠራ ቁጥር አምስቱ ተማሪዎች ትርጉሙን በአንድ ድምፅ ይመልሱለታል። ሲያለቅሱ የነበሩ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከልቅሶ ይሁን ከሳቅ አይለይም።

ኦቦ ኩምሳ እጃቸውን አነሡ።

"እኔንስ ምን ይለኝ ነበር?"

"ሆሞ ሳፒየንስ። ጠቢብ ሰው ማለት ነው፣ አባባ።"

"ውሸታም! ቤት ውስጥ 'ይህ ግትር ሽማግሌ' ነበር የሚለኝ!" ብለው ከት ብለው ሳቁ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ። የአማኑን ክንድ ጭምቅ አድርገው ያዙ።

"አንብብ ልጄ" አሉ። "ቀስ ብለህ አንብብ።"