የአክስቴ ጡትና ቀጠሮ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ ስሟን ትቶ «ሐሙስ» ይላታል፤ ጨርቅ ይዞ የመጣን ሁሉ «ሐሙስ ና» ብላ ስለምትሸኝ። የትኛው ሐሙስ እንደሆነ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ለሠርጓ ያዘዘችውን ቀሚስ ከወለደች በኋላ የተረከበች ሴት አለች፤ ከወሊድ በኋላ ለወፈረ ወገቧ ማስፋቱን ግን አክስቴ በነፃ ነው የሠራችላት።

እንግዲህ በዚች አክስቴ ግራ ጡት ውስጥ ነው፣ ራጅ ሲነሳ ጨው የተነሰነሰ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ የተገኘው። በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ የደረሰ ቀን እሷ፣ ታላቋ የሆነችው እናቴና እኔ አብረን ገባን።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ወረቀት ላይ ቱቦ ሳለችልን።

«ካንሰር ነው። ግን ገና ከወተት ቱቦው ግድግዳ አልወጣም፤ ዓይነቱም ዝግ ያለ ነው። አንዳንዱ ዕድሜ ልኩን እዚያው ይቀመጣል፣ አንዳንዱ ይወጣል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ዛሬ ላይ ማንም አያውቅም።»

«ኪራይ የማይከፍል ተከራይ በይኛ» አለች አክስቴ።

«አንድም በቀዶ ሕክምና እናወጣዋለን፤ አንድም ኪኒን እየወሰዱ በየስድስት ወሩ ራጅ እያነሳን እንከታተለዋለን። ከተለወጠ ግን ቀዶ ሕክምና ነው።»

«ይውጣ!» አለች እናቴ። «ሳይቃጠል በቅጠል!»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች አክስቴ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማሽም? ያንቺም አንድ ቀን ተነስቶ ይሄዳል!»

«ጡቱ የኔ ነው እትዬ። ያንቺን እንደፈለግሽ ቅደጂው።»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠች። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ክትትል ማለት ቀጠሮ ማለት ነው። ቀጠሮ ያከብራሉ?»

እናቴ ራጁ ከተነሳ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ። «ማን? ሐሙስ?» ብላ የሠርጉን ቀሚስ ታሪክ ዘረገፈችው።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንግዲያው እኔም ቀዶ ሕክምናውን ነው የምመክረው። መጠበቅና መርሳት አንድ አይደሉም።»

አክስቴ ወረቀቱ ላይ የተሳለውን ቱቦ በጣቷ ተከተለች።

«ቀሚሱን ረስቼው እኮ አይደለም» አለች። «መቀሱን ሳነሳ እጄ እምቢ ይለኛል። አንዴ የተቆረጠ ጨርቅ ወደ ጣቃው አይመለስም።»

«ፈርተሻል በይና!» አለች እናቴ።

«አዎ ፈርቻለሁ! ጡት ነው እንጂ የኪስ ክዳን ነው እንዴ?»

ሐኪሟ ትንሽ አሰበች። «ሁለት ሳምንት አይጎዳንም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ውሳኔዎን ይዘው ይምጡ። ካልመጡ መልሱን አገኘሁ ማለት ነው።»

ያን ማክሰኞ እናቴና እኔ ልንቀሰቅሳት በማለዳ ሄድን። ቤቷም ሱቋም ዝግ ነው፤ በር ላይ ሁለት ደንበኞች ይራገማሉ። ሆስፒታል ስንደርስ አክስቴ ከወረፋው አንደኛ ተቀምጣለች፤ ዘበኛው እንዳለው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ። ሐኪሟ ደግሞ የመጣችው አራት ሰዓት ላይ ነው።

«ይቅርታ፣ ድንገተኛ ታማሚ ይዞኝ ነው።»

«እኔም ለደንበኞቼ እንዲሁ ነው የምላቸው» አለች አክስቴ።

ገባን። ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ ተናገረች፦ «እንጠብቀው። ፈርቼ እንዳይመስልሽ… እሺ፣ ፈርቼም ነው። ግን ቀኑን ስጪኝ፣ አልቀርም። ካደገ ደግሞ ቁረጪው፤ አልለማመጥሽም።»

«በመሀል እብጠት ወይም ፈሳሽ ካዩስ?»

«በዚያው ቀን እመጣለሁ።»

ሐኪሟ የኪኒኑን ማዘዣና የስድስት ወሩን የቀጠሮ ካርድ ጽፋ ሰጠቻት። አክስቴ ካርዱን ሁለት ጊዜ አንብባ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው፣ በግራ በኩል።

ኮሪደሩ ላይ እናቴ ማልቀስ ጀመረች።

«ምን ሆንሽ? ታማሚዋ እኮ እኔ ነኝ!»

«ስድስት ወር ሙሉ እንዴት ብዬ ልተኛ ነው?»

«በጎንሽ» አለቻት አክስቴ፣ ክንዷን ይዛ ወደ ደረጃው እየሳበቻት።