ዓመት ሙሉ ያልተነካ

በባሏ ቤተሰብ ዘንድ መጠሪያዋ «ሚዛን» ነው። ስሙን ያወጣችላት የባሏ እህት ናት፤ ጨው ስትጨምር እንኳ ጎንበስ ብላ ማንኪያውን በዓይኗ ስታስተካክል አይታት። ሥራዋ የውሃ ምርመራ ነው። ቀኑን ሙሉ ጠርሙስ ላይ ቀይ ወረቀት እየለጠፈች፣ የትኛው ውሃ ከየት እንደመጣ ስትጽፍ ትውላለች። ቤቷ ስትገባም ልማዷ አይለቃትም።

ደንቧ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። በዓል ባለፈ ማግስት በቤቱ ዕቃ ሁሉ ላይ ቀይ ወረቀት ትለጥፋለች። ዕቃውን የተጠቀመበት ሰው ወረቀቱን ይልጣል። በዓመቱ በበዓሉ ዋዜማ፣ ማለትም በመለያው ቀን፣ ወረቀቱ እንደተለጠፈ የተገኘ ዕቃ ይወለወላል፣ በአሮጌ መጋረጃ ቁራጭ ይጠቀለልና ለዘመድ ስጦታ ይሆናል። ገበያ መውጣት የለም፤ ቤቱም ይሰፋል። ዘመድ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ኋላ ለመደው። ራሰ በራው ወንድሟ የፀጉር ማድረቂያ ሲደርሰው፣ «እህቴ፣ ፀጉሩንም አብረሽ ብትሰጪኝ ምን ነበረበት?» ብሎ ቤቱን በሳቅ አፍርሶታል።

ደንቡን ለማንም አታላላም። አምና በዋዜማው አናጢው ባሏ፣ ዓመቱን ሙሉ ያልለበሰውን ካፖርት ደርቦ በዚያ ሙቀት ሳሎን ውስጥ ሲንጎራደድ ደረሰችበት። ላብ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

«በርዶኝ ነው» አላት።

«በመለያው ቀን የተላጠ አይቆጠርም» ብላ አስወለቀችው።

ዘንድሮም ዋዜማው ደረሰ። ቅርጫቷን አንጠልጥላ ከክፍል ክፍል ዞረች። ለሁሉም ዘመድ የሚሆን አገኘች፤ የቀረቻት የባሏ እህት ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በመኪናዋ ትመጣለች። ሚዛን የመጨረሻውን በር አንኳኩታ ገባች። ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ አማቷ የሚኖሩት በዚህ የጓሮ ክፍል ነው።

ከአልጋው አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ቀዩ ወረቀት አለ። ልቧ ደስ አለው። ባለ ሦስት እግር፣ በዘይት የታሸች፣ ባሏ በገዛ እጁ የሠራት ቆንጆ በርጩማ!

«እማማ፣ ይቺ ሥራ ፈትታ ከርማለች። ለልጅዎ ልስጣት?»

«ስጫት» አሉ አማቷ። «ከኔው ጋር አንድ ላይ ትጫናለች።»

«ከእርስዎ ጋር?»

«ትናንት ደወልኩላት። ዛሬ ይዛኝ ትሄዳለች።»

ሚዛን ሳቀች። አማቷ ቀልድ ያውቃሉ። ግን እሳቸው አልሳቁም። ያን ጊዜ ነው ክፍሉን ያየችው። አንሶላው ታጥፏል። መድኃኒቱ በከረጢት ገብቷል። አሮጊቷ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ጓዛቸውን ቋጥረው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

ክው አለች።

«እማማ፣ ምን አጠፋን? ምን ጎደለብዎት?»

«ኧረ የምን ጉድለት! ምግቡ በሰዓቱ፣ መድኃኒቱ በሰዓቱ። ሐኪም ቤት የተኛሁ እስኪመስለኝ።»

«ታዲያ ለምን?»

በጣታቸው ወደ በርጩማዋ ጠቆሙ። «ወረቀቱን የለጠፍሽው አንቺ ነሽ። እኔ እንደሆነ በዚህ ጉልበቴ እሷ ላይ አልቀመጥም። ልጄ የሠራት ለሚያጫውተኝ ሰው ነው።»

ሚዛን ወደ በርጩማዋ ዞረች።

«በየቀኑ እገባለሁ እኮ!» አለች።

«ትገቢያለሽ። ቆመሽ ገብተሽ ቆመሽ ትወጫለሽ።»

ወዲያው ማስታወስ ጀመረች። ቁርስ ታመጣለች፤ ሣጥኑ ላይ አስቀምጣ ትወጣለች። የደም ግፊት ትለካለች፤ ጎንበስ ብላ። አንሶላ ትቀይራለች፤ ቆማ። የታመሙ ሰሞንስ? እሱንም ፈተሸችው፤ ግድግዳ ተደግፋ ነበር። ምናልባት ወረቀቱ ተልጦ ተመልሶ ተለጥፎ ይሆናል ብላ ተንበረከከችና አጠገቡ ሆና አየችው። ጠርዙ ዙሪያውን እድፍ ይዟል፤ አንዷም ማዕዘን አልተነሣችም። ቀለሙን ፀሐይ በልታዋለች። የዓመት ወረቀት ነው። እንዲህ ያለውን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

«ና እስቲ!» ብላ ባሏን ጮኻ ጠራችው። ሰጋቱራ እንደለበሰ መጣ።

«እናትህ ክፍል የተቀመጥከው መቼ ነው?»

«ትናንት ገብቼ...»

«መግባትህን አልጠየቅኩህም። ቁጭ ያልከው መቼ ነው?»

ጓዙን አየ። በርጩማዋን አየ። «ልብሴ አቧራ እየሆነ...» አለና የበሩን መቃን ያዘ። «አንቺስ?»

ሚዛን ከተንበረከከችበት ቀና አለች።

«አትጣሉብኝ» አሉ አሮጊቷ። «አንዳችሁንም አልከሰስኩም። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማየው እሱን ወረቀት ነበር። ዛሬ ይላጣል፣ ነገ ይላጣል እያልኩ ዓመቱ አለቀ። ያልተነካ ዕቃ ለሚፈልገው ይሰጣል አላላችሁም? ልጄ ትፈልገኛለች።»

ሚዛን ዘላ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች። ጥፍሯን ከወረቀቱ ሥር አስገብታ ቀደደችው። «ይኸው! ይኸው ተላጠ!»

አማቷ ፈገግ አሉ። «በመለያው ቀን የተላጠ አይቆጠርም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፣ የኔ ልጅ።»

«እማዬ፣ እሱ እኮ ለካፖርት ነው!» አለ ልጃቸው።

«እኔ ከካፖርት አንሳለሁ?»

ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። የባሏ እህት ግቢውን በሳቅ ሞልታ ገባች፤ «ሚዛን! ዘንድሮ ደግሞ ከየት ጥግ ያወጣሽውን ጉድ ጠቀለልሽልኝ?» በሩ ላይ ስትደርስ ሳቋ ቀጥ አለ። ሦስቱንም ፊት በየተራ አየች። «እማዬ! ነግሬያቸዋለሁ አላልሽኝም?»

«አሁን ነገርኳቸው።»

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ለሚዛን በሕልም እንደሚታይ ሆነባት። ባሏ እናቱን ደግፎ ወደ መኪናው ይሄዳል፤ አሮጊቷ ልጃቸውን ያጽናናሉ፤ እህቱ ጓዙን ትጭናለች። እሷ ግቢው መሀል ደርቃ ቀርታለች። እንደገና ቆማለች። ይህን ስታስተውል ደነገጠች። ሄዳ የኋላውን በር ከፈተችና ከአማቷ ጎን ገብታ ተቀመጠች።

«ወዴት ነው?» አለ ባሏ፣ ዓይኑ ፈጥጦ። «ነገ እኮ በዓል ነው! ስጦታው አልተጠቀለለ!»

«ጠቅልለው።»

«በነጠላ ጫማ?» አለች የባሏ እህት ከመሪው ዞር ብላ። «የምንሄደው ከከተማው ማዶ ነው። ማታ የሚመልስሽ የለም።»

«ይሁን።»

አሮጊቷ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ቅር ይበላቸው ደስ ይበላቸው ከፊታቸው አይለይም። በመጨረሻ በመካከላቸው የነበረውን ከረጢት አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«በሩን ጠበቅ አድርገሽ ዝጊው። ይሄ መኪና እየሄደ ይከፈታል።»

ዘጋችው። መኪናው ተነሣ።

«ጎረቤትሽ ከባሏ ከተለየች ቆየች» አሉ አማቷ በመስኮት እያዩ። «በጓሮ በኩል ሁሉም ይሰማኝ ነበር። አውቀሻል?»

ሚዛን አፏን በእጇ ያዘች። «ኧረ አላወቅኩም!»

«እንግዲያስ ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ።»