የአሥራ ሁለተኛዋ ድርሻ

አለቃዬን «እስቲ ይቆይ» የሚል ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። የማቀዝቀዣው ቱቦ ያንጠባጥባል ስንለው እስቲ ይቆይ፤ ፓምፑ ይጮኻል ስንለው እስቲ ይቆይ። በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ሁለት ሜትር በወፈረ ግድግዳ ውስጥ የተቀመጠውን የቅንጣት ማፋጠኛ የምናንቀሳቅሰው አራት ሰዎች ነን፤ ሦስታችን በአራተኛው ስንስቅ ነበር የምንውለው።

ማሽኑ የሚያመርተው ለካንሰር ምርመራ የሚወጋ መድኃኒት ነው። የሃይድሮጅን ቅንጣቶችን እያሽከረከረ ያፈጥንና ጣት በማታክል ዕቃ ውስጥ ባለ ልዩ ውሃ ላይ ይተኩሳቸዋል። ቅንጣቶቹ የሚሮጡበት ክፍል አየሩ ተመጥጦ የወጣ ባዶ ነው። ውሃውን ከዚያ ባዶ የምትለየው ከፀጉር የቀጠነች የብረት ሽፋን፣ ፎይል የምንላት፣ ብቻ ናት፤ እሷ ከተቀደደች ውሃው ወደ ማሽኑ ሆድ ይገባል፣ ለሳምንታትም ሥራ የለም። መድኃኒቱ ደግሞ ዕድሜ የለውም፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ በየጠዋቱ አምርተን በየጠዋቱ ከሰዓት ጋር እንሯሯጣለን።

ፎይሏ አርጅታ ነበር። ትቀየር ብዬ መዝገቡ ላይ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ ሦስተኛውን በቀይ።

«ማሽኑን ከፍቶ፣ መልሶ አየሩን መጥጦ ለማውጣት ሁለት ቀን ይፈጃል» አለኝ አለቃዬ። «ሁለት ቀን ማለት ሃያ አራት በሽተኛ ነው። እስቲ ይቆይ። እስከዚያው ፎይሏ እንዳትቀደድ የጨረሩን ኃይል ከአርባ እንዳታሳልፉት።»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ብለን ከኋላው ሳቅንበት።

ማክሰኞ ተራ ከያዙት አሥራ ሁለት ሰዎች የመጨረሻዋ እህቴ ነበረች። እናታችን ስትሞት እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ዛሬም እትዬ ነው የምላት። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯታል፦ ሐሙስ ቀዶ ጥገና ለመግባት ማክሰኞ መመርመር አለባት፤ ሐሙስ ካለፈ የሚቀጥለው ተራ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ዕጢው ሁለት ወር ቁጭ ብሎ እንደማይጠብቃት ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

በዚያው ጠዋት መብራት ተቆራረጠ። ማሽኑን መልሼ እስካስነሳው አንድ ሰዓት አለፈ። የምርመራ ክፍሉ ከሰዓት በኋላ ለሌላ ሥራ ስለተያዘ የጠፋውን ጊዜ የምተካበት መንገድ አልነበረም። ሂሳቡን ሠራሁት፤ በአርባ ከሄድኩ መድኃኒቱ የሚበቃው ለአሥራ አንድ ሰው ነው። ደግሜ ሠራሁት፤ ያው አሥራ አንድ። ስሟን ወደ ላይ ባወጣው ሌላ ሰው ሊቀር ነው፤ ይህን አላደርግም ብዬ ጻድቅ መሆኔ ለራሴ ደስ አለኝ። ስልኬ ጠራ።

«አንተ፣ አልደረሰም እንዴ?» አለች እትዬ። «ከትናንት ጀምሮ እኮ እህል አልቀመስኩም። እዚህ አጠገቤ ያሉት አባት ሆዳቸው በጮኸ ቁጥር እኔን ይገላምጡኛል።»

«ትንሽ ታገሺ እትዬ፣ ደርሷል።»

«እኔማ ምን ቸገረኝ፤ ወንድሜ ቤት ነው ያለሁት» ብላ ሳቀች።

ጨረሩን ከአርባ ወደ ሃምሳ ሁለት ከፍ አደረግኩት። ልኩን በየአሥር ደቂቃው በእጃችን መዝገብ ላይ መጻፍ ግዴታችን ነው፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ አርባ ብዬ ጻፍኩ። ያችን ፎይል እንደ እኔ የሚያውቃት አልነበረም። ቢሆንም ሃያ ደቂቃ ብቻ ትቻለው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በአሥራ አራተኛው ደቂቃ የውሃው ግፊት መለኪያ ዜሮ ላይ ወደቀ፣ ጨረሩ ጠፋ፣ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ውሃው ገብቷል። አሥራ ሁለተኛዋን አተርፋለሁ ብዬ አሥራ አንዱንም አስቀረሁ።

አለቃዬ እየሮጠ መጣ። ስክሪኑን አየ፤ መስመሩ ሃምሳ ሁለት ላይ ቆሟል። መዝገቡን አየ፤ አርባ ይላል። ከዚያ የበሽተኞቹን ዝርዝር አነሳ፤ ከመጨረሻው ስም ቀጥሎ ያለው የአባት ስም የእኔም ነው።

«እህትህ ናት?»

«አዎ።»

ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። አጥፍቶ አስነሳው።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ያገኙት ማስረጃ መዝገቡ ብቻ ነው፦ የእኔ አርባዎች፣ የእኔ ሦስት ማሳሰቢያዎች፣ ከሥራቸው ደግሞ የእሱ ፊርማ።

«ማሳሰቢያዎቹን አይተሃቸዋል?» አሉት።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላስቀየርክም?»

«ይቆይ ብዬ ነው።»

እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ሃምሳ ሁለት ብል ይበቃ ነበር። አላልኩም። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም። እሱን ከቦታው አነሱት፣ እኔን ተጠባባቂ ኃላፊ አደረጉኝ። ዕቃውን በካርቶን ይዞ ሲወጣ በሩን ከፈትኩለት፤ አመሰግናለሁ አለኝ።

ማሽኑ የተነሳው በሦስተኛው ሳምንት ነው። እትዬ ያኔ ተመረመረች። ዕጢው ጉበቷ ገብቷል፤ አሁን ቀዶ ጥገናው ምንም አይፈይድም አሏት።

እሁድ ልጠይቃት ሄድኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ትራሷን ሳስተካክልላት ዞረች።

«ሁሉንም ነገሩኝ» አለችኝ። «ሦስት ጊዜ ጽፈህለት ነበር አሉ፣ ለዚያ አለቃህ።»

«ተይው በቃ እትዬ።»

«ከአፌ እርግማን ወጥቶ አያውቅም፤ ታውቃለህ። እሱን ግን የሥራውን ይስጠው።»

ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ ጠበቀችኝ።

«አሜን በል እንጂ» አለች።

«አሜን» አልኩ።